ዱቄት የሌለው የብርቱካንና የካካዎ ኬክ፦ ለማን ይበጃል? እንዴትስ ይጋገራል?



ከዒድ ሰላት መልስ እንግዳ መቀበል፣ ዘመድ መጠየቅና ጎረቤትን ማስደሰት የቆየ ልማዳችን ነው። በቀራንዮም ሆነ በቤተል፣ በአየር ጤናም ሆነ በኮልፌ ቡናው ሲፈላ ዳቦው ይቆረሳል፣ ሐልዋውና ኬኩ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ትሪው ሲዞር «እኔስ ይቅርብኝ» የሚል ሰው በብዙ ቤት አይጠፋም። አንዱ የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ናቸው። ሌላው ደግሞ ስንዴ በበላ ቁጥር ሆዱ የሚነፋ ልጅ ነው።

በዚህ እትም የምናቀርበው ኬክ የስንዴ ዱቄት የለበትም፤ ቅቤም ክሬምም አይፈልግም። ወደ አሠራሩ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። «ዱቄት የለውም» ማለት «ስኳር የለውም» ማለት አይደለም። ለልጁ የሚበጀው ነገር ለአባትየው በልክ ካልሆነ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ኬኩን መጋገር ብቻ ሳይሆን ለማን ምን ያህል እንደሚቀርብም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከየት መጣ?

መራራ ብርቱካን፣ ሎሚና የሸንኮራ አገዳ ወደ አንዳሉስ (የዛሬዋ ስፔን) የገቡት በሙስሊሞች ዘመን ነው። ብርቱካንን ከነልጣጩ ቀቅሎ፣ ፈጭቶና ከእንቁላል ጋር መትቶ መጋገር ከስፔን ወጥተው በሜዲትራንያን ዙሪያ ከተበተኑ የሴፋርዲ አይሁዶች ማዕድ ጋር የተያያዘ ዘዴ ነው። ካይሮ ተወልዳ ያደገችው የምግብ ጸሐፊ ክላውዲያ ሮደን በ1968 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ምሥራቅ ምግቦች ላይ ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ኬክ በሰፊው አስተዋውቃለች። ካካዎ ከአሜሪካ አህጉር ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመሆኑ በኬኩ ላይ የተጨመረው ዘግይቶ ነው።

በዋናው አሠራር የሚገባው አልመንድ ነው። በዐረብኛ «ለውዝ» የሚባለውም እርሱ ነው፤ እኛ ግን ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒን ነው። አልመንድ ከውጭ የሚመጣና ውድ ስለሆነ እዚህ የምንጠቀመው በባቢሌ በስፋት የሚመረተውን የራሳችንን ለውዝ ነው።

የብርቱካን ዘመድ የሆነው ትርንጎ በሐዲስም ተወስቷል። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ቁርኣን የሚያነብ ሙእሚን ጣዕሙም ሽታውም መልካም በሆነው በዚህ ፍሬ ተመስሏል።

ዱቄት ከሌለው በምን ይቆማል?

በስንዴ ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለ። ሊጡ ሲታሽ እንደ መረብ ሆኖ አየሩን የሚይዘው እርሱ ነው። በዚህ ኬክ ይህን ሥራ የሚሠራው እንቁላል ነው። እንቁላሉ ሲመታ አየር ይይዛል፤ እሳት ሲያገኘው ደግሞ ይረጋል። የተፈጨው ለውዝ አካል ይሰጠዋል። በብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ያለው ፔክቲን፣ ማለትም ማርማላታን የሚያወፍረው ነገር፣ እርጥበቱን ይይዝለታል። ኬኩ ቅቤ ሳይገባበት ሳይደርቅ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ለማን ይበጃል?

*ስንዴ ለማይስማማው፦* ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው በስንዴ፣ በገብስና በአጃ ውስጥ ያለው ግሉተን የአንጀቱን ግድግዳ ይጎዳበታል። ምልክቶቹ የማይቆም ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስ፣ በልጆች ላይ ደግሞ ክብደት አለመጨመርና አለማደግ ናቸው። ስንዴ መንስኤ መሆኑን ያረጋገጠው ዊለም ካረል ዲከ የተባለ የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. በአገሩ በደረሰው ረሃብ ዳቦ ሲጠፋ እነዚህ ሕፃናት እንደተሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙ እንደተመለሰባቸው አስተዋለ። ጥናቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አቀረበ።

በእኛ አገር የልጅ ሆድ ሲታመም ቶሎ «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ሕመሙ የሚመላለስ ከሆነ ሐኪም ማማከር ይገባል። ምርመራው ከመደረጉ በፊት ስንዴን ማቋረጥ ግን ውጤቱን ስለሚያሳስት ወላጆች በራሳቸው ፈቃድ እንዳይጀምሩት እንመክራለን። ጤፍ ግሉተን የሌለው እህል መሆኑ የአላህ ጸጋ ነው፤ እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ እንዳልተቀላቀለበት ግን መጠየቅ ያሻል።

*የስኳር ሕመም ላለበት፦* ዱቄቱ በመቅረቱ የካርቦሃይድሬቱ መጠን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ማር በስኳር ፋንታ ቢገባም ያው ነው። ማር ፈውስ ያለበት መሆኑ በሱረቱ አን-ነሕል የተወሳ ሲሆን፣ ልኩን መጠበቅ ከዚህ ጋር አይጋጭም። ማርም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

*የማይሆንለት፦* ለውዝ አለርጂ የሚሆንበት ሰው ፈጽሞ መብላት የለበትም። እንግዳ ስናስተናግድ «ለውዝ አለው» ብሎ መናገር አማና ነው።

ሲገዙ የሚደረግ ጥንቃቄ

1ኛ. *ካካዎ፦* ስኳር ያልተቀላቀለበት ንጹህ የካካዎ ዱቄት ይሁን። ለልጆች መጠጥ የሚሸጠው የቸኮሌት ዱቄት አብዛኛው ስኳር ነው። ሲቀመስ የሚመርር ከሆነ ትክክለኛው እርሱ ነው።

2ኛ. *ለውዝ፦* በእርጥበት የተቀመጠ ለውዝ የሚያበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይፈጥራል። መጋገርም ሆነ መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን አንድ በአንድ ለቅሞ መጣል ግዴታ ነው። የመረረው ፍሬም አይበላ።

3ኛ. *ሐላልነቱ፦* በውጭ አገር መጻሕፍት በዚህ ኬክ ላይ የብርቱካን አረቄ እንዲጨመር የሚያዝዙ አሉ። እኛ በምትኩ የብርቱካን ጭማቂና ጥቂት ሄል እንጠቀማለን። ፈሳሽ ቫኒላም ብዙ ጊዜ በአልኮል የሚዘጋጅ ስለሆነ መተዉ ይቀላል፤ የብርቱካኑ ሽታ ራሱ ይበቃል። ቸኮሌት ለማስጌጫ የሚገዛ ሰው በውስጡ አረቄ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ጄላቲን አለመኖሩን በጽሑፉ ላይ ይመልከት።

4ኛ. *ቤኪንግ ፓውደር፦* ኬኩ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ከሆነ የስንዴ ስታርች እንደሌለበት ይነበብ። ለውዙም ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ አይፈጭ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 2 መካከለኛ ብርቱካን (በጠቅላላው ከ350 እስከ 400 ግራም)
- 6 የፈረንጅ እንቁላል (የሐበሻ ከሆነ 8)
- 200 ግራም ተለቅሞ ለስለስ ብሎ የተቆላና የተገለፈፈ ለውዝ
- 150 ግራም ስኳር
- 50 ግራም የካካዎ ዱቄት
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር
- ቁንጥር ጨው፣ ከተፈለገ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል
- ለመጋገሪያው መቀቢያ ጥቂት ዘይት

አሠራሩ

1. ብርቱካኑን በሙቅ ውሃ ፈትገው ይጠቡ። ከነልጣጩ በብዙ ውሃ 10 ደቂቃ አፍልተው ውሃውን ይድፉት፤ ይህ ምሬቱን ይቀንሳል። ከዚያም በአዲስ ውሃ ቢላ በቀላሉ እስኪገባበት ድረስ 2 ሰዓት ተኩል ያህል ይቀቅሉ። ውሃው እንዳያልቅ እየታየ ይጨመርበት።

2. ሲቀዘቅዝ ከፍለው ፍሬዎቹን አንድም ሳይቀር ያውጡ፤ ፍሬው ከተፈጨ ኬኩን ያመረዋል። የቀረውን ከነልጣጩ በጁስ መፍጫ ያልሙት። መፍጫ ከሌለ በንጹህ ሙቀጫ መውቀጥ ይቻላል።

3. ለውዙን ከስኳሩ ሁለት ማንኪያ ወስደው በመጨመር ይፍጩ ወይም ይውቀጡ። ስኳሩ ዘይቱን ስለሚመጥ ለውዙ ወደ ቅቤነት አይለወጥም። በርበሬ የተፈጨበት መፍጫ ሽታውን ስለሚሰጥ አይሆንም።

4. እንቁላሉንና የቀረውን ስኳር ነጣ ብሎ እስኪወፍር ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይምቱ። የብርቱካኑን ልም ይጨምሩ። ካካዎውን በወንፊት ነፍተው ከለውዙ፣ ከቤኪንግ ፓውደሩ፣ ከጨውና ከሄሉ ጋር ያዋህዱና ቀስ አድርገው ይቀላቅሉ። እዚህ ላይ በኃይል መምታት የተያዘውን አየር ያስወጣዋል።

5. ዘይት በተቀባና ወረቀት በተነጠፈበት 23 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መጋገሪያ ገልብጠው በ180 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይጋግሩ። ከላይ ቶሎ ከጠቆረ በፎይል ይሸፍኑት። ስንጥር ሲወጋበት ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ደርሷል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ከመጋገሪያው አይውጣ።

የአዲስ አበባ ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

የውጭ አገር የኬክ አሠራር እዚህ ሲሞከር መጀመሪያ ተነፍቶ በኋላ መሐሉ የሚሰምጠው ለምን ይሆን? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ብርቱካኑ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በሊጡ ውስጥ ያለው አየርም ይበልጥ ይለጠጣል፤ ቤኪንግ ፓውደር ከበዛ ኬኩ ሳይረጋ ተነፍቶ ይወድቃል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ያደረግነው ለዚህ ነው። ስኳር ሲበዛም እንቁላሉ ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ ስኳሩን መቀነስ ለጤናም ለኬኩም ይበጃል። በጥቂቱ ቢሰምጥ ግን የዚህ ኬክ ባሕርይ ነውና አያሳስብ።

ኦቨን የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ቤት በእንፋሎት ሊያበስለው ይችላል። በትልቅ ድስት ውስጥ ማስቀመጫ አድርገው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያፍሉ። መጋገሪያውን በፎይል አጥብቀው ሸፍነው ያስቀምጡበትና ድስቱን ከድነው በመጠነኛ እሳት ከ75 እስከ 90 ደቂቃ ያቆዩት። በከሰል የሚያበስሉ ከሆነ ግን በር በተዘጋ ክፍል ፈጽሞ አይሁን፤ ጭሱ ባይታይም የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ስንት ይበላ?

ይህን ኬክ ለ16 ቢቆርጡት አንዱ ቁራሽ ከ9 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ የተጨመረ ስኳር፣ በግምት 14 ግራም ካርቦሃይድሬትና 155 ኪሎ ካሎሪ ይኖረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለቱ ምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ እንዳያልፍ መክሯል። ይህም በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም፣ ከተቻለም 25 ግራም ማለት ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻውን 12 ግራም ያህል ይወስዳል። አንድ ቁራሽ ኬክ ከእንዲህ ያለ ሻይ ጋር ሲቀርብ ወደ 25ቱ ግራም ይጠጋል።

ስለዚህ የስኳር ሕመም ላለባቸው አባትና እናት ኬኩ የሚቀርበው አንድ ቁራሽ ብቻ፣ ስኳር ከሌለው ቡና ወይም ሻይ ጋር፣ በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ በኋላ ነው። በዚያ ማዕድ ዳቦው ወይም ሐልዋው ይቀርላቸው። መድኃኒታቸውን «ዛሬ ዒድ ነው» ብለው አያቋርጡ፤ ስኳራቸው ያልተስተካከለ ከሆነም አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። እንግዳ ማክበር ሲባል «አንድ ድገሙ» እያሉ ማስጨነቅ ይቅር። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰው ልጅ ወገቡን የሚያቆሙለት ጥቂት ጉርሻዎች እንደሚበቁት፣ ከዚያ ካለፈም ሆዱን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ እንዲከፍል አስተምረዋል።

ኬኩ በማግስቱ ይበልጥ ስለሚጣፍጥ ከዒዱ ዋዜማ መጋገር ይቻላል። ይህም እናቶችና እህቶች በዒድ ማለዳ ማድ ቤት ከመዋል ድነው ለሰላቱ እንዲደርሱ ያግዛል። አባቶችና ወንድሞችም ለውዙን በመልቀምና እንቁላሉን በመምታት ይተባበሩ።

አላህ ማዕዳችንን በረካ ያድርግልን፤ ለታመሙትም ዓፊያን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።