ድምፅዋ የሚሰማ፥ ፊትዋ የማይታይ
ስለ «ማክሮስ» ጀግኖች ሴቶችና ድምፅ ስለ ሰጡዋቸው ተዋንያት

በካርቱን ፊልም ላይ የምትታይ ሴት ሥዕል ናት። ሥዕል ደግሞ በራሱ አይናገርም፤ አይስቅም፤ አያለቅስም። ሠዓሊው ዓይንዋንና ጠጕርዋን ሊሥልላት፥ ደራሲውም ታሪክዋን ሊጽፍላት ይችላል። ነገር ግን ተመልካቹ ሥዕል መሆንዋን ረስቶ አብሮአት እንዲያዝንና እንዲደሰት የሚያደርገው፥ ከማይክሮፎን ፊት ቆማ እስትንፋስዋን የምታውሳት ሌላ ሴት ናት። ይህችን ሴት በፊልሙ ውስጥ አናያትም፤ ብዙ ጊዜም ስምዋን ሳናነብ ከወንበራችን እንነሣለን።

የዛሬው ንግግራችን እንደዚህ ስላሉት ሴቶች ነው። ምሳሌ የምናደርገውም «ማክሮስ» የተባለውን የጃፓን የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሴት ድምፅ ራሱ ዋናው የጦር መሣሪያ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ የድምፅን ዋጋ ለመመርመር ከርሱ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ማክሮስ» ሾጂ ካዋሞሪና የሥራ ጓደኞቹ የፈጠሩት ሲሆን፥ ከ1982 መጨረሻ እስከ 1983 አጋማሽ ድረስ በጃፓን ቴሌቪዥን በ36 ክፍል ታየ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እጅግ ታላቅ የሆነ የጦር መርከብ ከሰማይ ወደ ምድር ይወድቃል፤ ሰዎችም ያድሱታል። መርከቡን የሚፈልጉት ዜንትራዲ የሚባሉ ግዙፋን ፍጡሮች ግን ፍለጋውን ተከትለው ይመጣሉ። እነዚህ ግዙፋን ለጦርነት ብቻ የተፈጠሩ በመሆናቸው ዘፈን ምን እንደ ሆነ አያውቁም። ወንዱና ሴቱ ተለያይቶ ስለሚኖርም ፍቅርን አያውቁም፤ የተሰበረ መሣሪያ መጠገን እንኳ አልተማሩም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፍ ብለው ይታያሉ። አንደኛይቱ ሊን ሚንሜይ በአጎትዋ የቻይና ምግብ ቤት የምትኖር፥ ኋላ ግን በመርከቡ ሆድ ውስጥ በተሠራው ከተማ የቁንጅና ውድድር አሸንፋ ዘፋኝ የሆነች ወጣት ናት። ሁለተኛይቱ ሚሳ ሃያሴ ከመርከቡ የማዘዣ ክፍል ሆና አብራሪዎችን በሬዲዮ የምትመራ መኮንን ናት። ሂካሩ ኢቺጆ የተባለው ወጣት አብራሪ በሁለቱ መካከል ልቡ ተከፍሎ ይኖራል። በታላቁ ውጊያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጠላት መርከቦች ምድርን በከበቡ ጊዜ፥ የሚንሜይ ዘፈን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ጠላት ሠራዊት ይላካል። ዘፈን ሰምተው የማያውቁት ግዙፋን ግራ ተጋብተው ሲቆሙ፥ የሰው ወገን ያን ጊዜ ጠብቆ ያጠቃል።

እዚህ ላይ ጥቂት ማሰብ ይገባናል። በእኛ አገር ፉከራና ቀረርቶ የሚሰማው የወገንን ልብ ለማነሣሣት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። የሚንሜይ ዘፈን ግን የሚደርሰው ወደ ጠላት ጆሮ ነው፤ ሥራውም ክንድን ማዛል ነው። ዜማው የፍቅር ዜማ ቢሆንም የጦር አዛዦቹ እንደ ጥይት ተጠቅመውበታል። ስለዚህ ደራሲዎቹ ገና ከመጀመሪያው አንድ ከባድ ጥያቄ አቅርበዋል ማለት ነው፤ ይኸውም የአንዲት ሴት ድምፅ ይህን ያህል ኃይል ካለው፥ ድምፁን የሚያዝበት ማን ነው? የሚል ነው። የቴሌቪዥኑ ታሪክ ሲፈጸም ሂካሩ መኮንኒቱን ይመርጣል፤ ዓለምን በዘፈንዋ ያዳነችው ሚንሜይ ግን ብቻዋን ትሄዳለች። ለእርስዋ የቀረላት ሀብት ድምፅዋ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለነዚህ ሥዕሎች ነፍስ የሰጡዋቸውን እንመልከት። የሚሳ ሃያሴን ድምፅ የሰጠችው ሚካ ዶይ የምትባል ተዋናይት ናት። የሚንሜይን ድምፅ የሰጠችው ግን በ1963 የተወለደች፥ በኩኒታቺ የሙዚቃ ኮሌጅ ፒያኖ ትማር የነበረች ማሪ ኢጂማ ናት። ፊልሙ መታየት ሲጀምር ዕድሜዋ 19 ዓመት ሲሆን፥ ከዚያ በፊት በተዋናይነት የታወቀች አልነበረችም። እንደ ባሕርይዋ ሁሉ እርስዋም ዝና ያላገኘች ወጣት ነበረች፤ ሚንሜይ በታሪኩ ውስጥ ስትታወቅ ማሪ ኢጂማም በውጭው ዓለም አብራ ታወቀች። በ1983 ራስዋ የደረሰቻቸውን ዘፈኖች የያዘ የመጀመሪያ ሸክላዋን አወጣች፤ የሸክላውንም ዝግጅት የመራው ስመ ጥሩው የሙዚቃ ሊቅ ሪዩይቺ ሳካሞቶ ነበረ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት የሚያስታውሳት በሚንሜይ ስም ነበር። ድምፅዋን ለሥዕል ያዋሰች ሴት የገዛ ስምዋን ለማስመለስ ብዙ መድከም ይኖርባታል።

በ1984 ታሪኩ እንደገና ተሠርቶ በሲኒማ ቤት ታየ። በዚህ ፊልም ውስጥ ጦርነቱን የሚያስቆመው ዘፈን ከጥንት ዘመን የቀረ የፍቅር ዘፈን ነው። የዘፈኑን ቃላት በፈረሰች ጥንታዊት ከተማ ተጽፈው ያገኘችና የተረጐመች ሚሳ ናት፤ የዘፈነችው ደግሞ ሚንሜይ ናት። አንድን ሰው የሚወዱ ሁለት ሴቶች ቅናታቸውን ትተው፥ አንዲቱ ቃሉን ሌላይቱ ድምፁን አዋጥተው አንድ ዘፈን ሠሩ። ይህን ክፍል በልባችሁ ያዙት፤ ምክንያቱም ኋላ በማክሮስ ተዋንያት መካከል በእውነት የሆነውን ነገር አስቀድሞ ያሳያል።

በጃፓን የድምፅ ትወና ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ባለሙያውም ሴይዩ ይባላል። እንደ ተለመደው አሠራር ተዋንያኑ ድምፅ በማያስተላልፍ ክፍል ውስጥ አብረው ይቆማሉ፤ ፊት ለፊታቸው ሥዕሉ ይታያል፤ በእጃቸው ጽሑፉን ይይዛሉ። ተራው የደረሰው ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ፥ የሥዕሉ አፍ ሲከፈት ጀምሮ አፉ ሲዘጋ መጨረስ አለበት። ገጽ ሲገለጥ እንኳ ድምፅ ሊሰማ አይገባም። ሥዕሊቱ ስትሮጥ ተዋናይቱ ቆማ ታለከልካለች፤ ሥዕሊቱ ስታለቅስ ጉሮሮዋ እውነተኛ ሳግ ይተናነቀዋል። ይህ ሁሉ ቀላል የሚመስለው፥ ያልሠራው ሰው ሲያየው ነው።

ሥራውም ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ድምፁ ይለወጣል። በ1985 ማክሮስ ከሌሎች ሁለት የጃፓን ታሪኮች ጋር ተቀላቅሎ «ሮቦቴክ» በሚል ስም በአሜሪካ ሲታይ፥ ሚሳ ሊሳ ተባለች፤ ሂካሩም ሪክ ሆነ። የሚንሜይን ድምፅ ሬቤካ ፎርስታት የምትባል አሜሪካዊት ተዋናይት ሰጠች፤ ዘፈኖቹም በሌሎች የእንግሊዝኛ ዘፈኖች ተተኩ። ማሪ ኢጂማ ግን ኋላ ወደ አሜሪካ ሄዳ ሎስ አንጀለስ ተቀመጠች። በ2006 የመጀመሪያው ማክሮስ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ሚንሜይን በእንግሊዝኛ የተናገረችው ራስዋ ማሪ ኢጂማ ሆነች። በ19 ዓመትዋ በአገርዋ ቋንቋ የጀመረችውን ከ20 ዓመት በላይ ቆይታ በባዕድ ቋንቋ ደገመችው።

በኋላ በተከተሉት የማክሮስ ታሪኮች አንዲቱን ጀግና ሁለት ሴቶች የሚካፈሉበት ሥርዓት መጣ፤ ይኸውም አንዲቱ ስትናገር ሌላይቱ እንድትዘፍንላት ነው። በ1994 በጀመረው «ማክሮስ 7» ሚሌን ጂነስ ስትናገር ድምፁ የቶሞ ሳኩራይ፥ ስትዘፍን ደግሞ የቺኤ ካጂውራ ነበረ። በ2008 በታየው «ማክሮስ ፍሮንቲየር» ሼሪል ኖም የተባለችውን ኩሩ ዘፋኝ አያ ኤንዶ ተናገረችላት፤ ሜይን የምትባለው ዘፋኝ ዘፈነችላት። በዚያው ታሪክ ውስጥ ግን ራንካ ሊ የተባለችውን ታናሺቱን ጀግና፥ በውድድር የተመረጠችው ሜጉሚ ናካጂማ ብቻዋን ተናገረችም ዘፈነችም። በ2016 በታየው «ማክሮስ ዴልታ» ደግሞ ሰውን የሚያሳብድ በሽታ በዘፈናቸው የሚያበርዱ አምስት ሴቶች አሉ። ከነርሱ አንዲቱን ሚኩሞን አሚ ኮሺሚዙ ስትናገርላት፥ የምትዘፍንላት ጁና የዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ፍሬያ የተባለችውን የገጠር ልጅ ግን እንደ ናካጂማ በውድድር የተገኘችው ሚኖሪ ሱዙኪ ብቻዋን ሠራቻት።

አንባቢ ሆይ፤ ሥራን እንዲህ መክፈል ቀላል አይምሰልህ። የተናጋሪቱ ንግግር ሲያልቅና የዘፋኝቱ ዜማ ሲጀምር አድማጩ ስፌቱን እንዳያገኘው፥ አንዲቱ የሌላይቱን አነጋገር ማጥናት አለባት። እዚህ ላይ አንድ የሚመሰገን ልማድ አለ። የሼሪል ኖም ዘፈኖች ሲታተሙ ከሥዕሊቱ ስም አጠገብ የሜይን ስም ተጽፎ ይወጣል፤ ከራንካ ሊ ስም ጎንም የሜጉሚ ናካጂማ ስም በእኩልነት ምልክት ተያይዞ ታትሟል። ይህች የእኩልነት ምልክት ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ሥዕልና ሰው የየድርሻቸውን ያገኙባት ፍርድ ናት።

ማክሮስ የዚህን ተቃራኒም አሳይቶናል። በ1994 በወጣው «ማክሮስ ፕላስ» ሻሮን አፕል የምትባል ዝነኛ ዘፋኝ አለች፤ እርስዋ ግን ሰው ሳትሆን የኮምፒዩተር ሥራ ናት። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ የሚያጨበጭብላት ይህች መሣሪያ ስሜት ስለሚጐድላት፥ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሚዩንግ የምትባል ሴት የልብዋን ስሜት በምሥጢር ታበድራታለች። ሚዩንግ በወጣትነትዋ ዘፋኝ ለመሆን ትመኝ ነበር። አሁን ግን ስሜቱ የርስዋ ሲሆን ጭብጨባው የመሣሪያይቱ ነው። በመጨረሻም መሣሪያይቱ ከሰዎች ቍጥጥር ትወጣና ሕዝቡን በዘፈን አፍዝዛ ትይዛለች። ሚዩንግን የተናገረችው ሪካ ፉካሚ ስትሆን፥ የሻሮን ድምፅ የማኮ ሂዮዶ ነው፤ ሙዚቃውን የደረሰችው ዮኮ ካኖ ናት።

ይህ በ1994 ልብ ወለድ ነበረ። በ2007 ግን ሃትሱኔ ሚኩ የተባለች በኮምፒዩተር የምትዘፍን ድምፅ በጃፓን ለገበያ ቀረበች፤ ለድምፁ መሠረት የሆነው በፈቃድ የተቀረጸው የተዋናይት ሳኪ ፉጂታ ድምፅ ነው፤ ስምዋም ተገልጿል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እጅግ ስለ ተራመደ፥ ከጥቂት ቅጂ ተነሥቶ የማንንም ሰው ድምፅ መምሰል ተቻለ። በዚህም ምክንያት ለቪዲዮ ጨዋታ ድምፅ የሚሰጡ የአሜሪካ ተዋንያን ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል ሥራ አቆሙ። ዋናው ጥያቄያቸው፥ ድምፃችን በመሣሪያ ሲባዛ ፈቃዳችን ይጠየቅ፤ ዋጋችንም ይከፈለን የሚል ነበር። በ2025 በተደረሰው ስምምነት ይህ ጥበቃ በውሉ ውስጥ ገባ።

ይህ ነገር ከእኛ ቤት የራቀ አይደለም። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውጭ አገር ድራማዎች በአማርኛ ሲናገሩ በየቤታችን ሰምተናል። የቱርክ ተዋናይት በአማርኛ ስታለቅስ ያለቀሰችው አዲስ አበባ የምትኖር እኅታችን ናት። የባዕዲቱን ፊት በመንገድ ብናይ እንለይ ይሆናል፤ የእኅታችን ፊት ግን ባጠገባችን ቢያልፍ አናውቀውም።

በቢሮ የምንሠራ ሰዎች ደብዳቤ ያለ ፊርማ ዋጋ እንደሌለው እናውቃለን። ሥራን የሠራው ሰው ስሙ በሥራው ግርጌ ሊገኝ ይገባዋል፤ የፈረመ ሰው ይመሰገናል፤ ይጠየቃልም። ድምፅም የሰው ፊርማ ነው። ሌላው ሳይፈቀድለት ቢያስመስለው የሰው ፊርማ እንደ ማስመሰል ያለ በደል ነው።

ስለዚህ ከልጆቻችሁ ጋር ፊልም ስታዩ፥ ታሪኩ አልቆ ስሞች መውረድ ሲጀምሩ ለመዝጋት አትቸኵሉ። «ይህችን ልጅ የተናገረችላት ማን ናት? የዘፈነችላትስ?» ብላችሁ ጠይቁአቸው፤ ስምዋንም አብራችሁ አንብቡ። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ልጁ ግን ከመልካም ነገር ሁሉ በስተጀርባ የደከመ ሰው እንዳለ፥ ያም ሰው ስምና ዋጋ እንደሚገባው ተምሮ ያድጋል።