ከመንገዱ በፊት ድልድዩ

የገጠር መንገድ ሲነሳ ቀድሞ የሚታየን ዶዘርና ጠጠር ነው። አይፈረድብንም፤ ማስረጃው ከመንገድ ጎን ነው። ስቴፋን ደርኮን፣ ጣሰው ወልደሃናና ባልደረቦቻቸው 15 የኢትዮጵያ መንደሮችን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጋ ከክረምት የሚያስኬድ መንገድ ድህነትን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ፣ የፍጆታ ዕድገትንም በ16.3 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ልብ እንበል፤ ይህ ጥቅም የተገኘው ክረምትም ከማይዘጋ መንገድ ነው። ገበሬውን ከገበያና ከጤና ጣቢያ የሚለየው ርቀቱ ብቻ አይደለም፤ ሐምሌና ነሐሴ ሞልቶ የሚወርደው ወንዝም ነው። በጋ ላይ ሱሪ ሰብስበው የሚሻገሩት ውሃ፣ ክረምት ላይ ቃሬዛ የያዙትን ዳር ላይ ያስቀራል። ስለዚህ በጀቱ ካልበቃ ለእግረኛና ለጭነት አህያ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ይቅደም እላለሁ።

ጎጃምና ጎንደርን በአባይ ላይ የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ ጥሩ ምስክር ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን በድንጋይ የታነጸው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያ ማዶ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት፣ ከሥሩ አባይ እየጮኸ ክፍተቱን ያልፍ ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ክፍተቱም እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተገጠመ። በ2005 ግን ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። በምትኩ በ2009 የተሠራው የብረት ገመድ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ወንዙ መሐል ምሰሶ ሳይተክል ከዳር ዳር ከፍ ብሎ የሚዘረጋ ድልድይ ለደራሽ ውሃ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው።

«አይሱዙ የማያሳልፍ ድልድይ ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ማዳበሪያ በኩንታል ነው የሚገባው፤ እውነት ነው። ነገር ግን መኪና በማይደርስበት ቀበሌ እህሉ ዛሬም የሚጓዘው በአህያና በሰው ትከሻ ነው፤ ድልድዩ ያንኑ ጉዞ ክረምትም እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ከበድ ያለው ሙግት ሌላ ነው፦ ድልድይ የተሰጠው ቀበሌ «ደርሶታል» ተብሎ ከመንገድ ወረፋ ሊሰረዝ ይችላል። ስጋቱ መሠረት አለው። መልሱ ግን ድልድዩን መከልከል ሳይሆን በመንገድ ሽፋን ሪፖርት እንዳይቆጠር ማድረግ ነው። ደግሞስ በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ሁሉ በመንገድ ለማገናኘት ከተጀመረው ፕሮግራም ወዲህ ከተጠረጉት መንገዶች መካከል፣ ድልድዩ ለኋላ ቀርቶ በጋ ብቻ የሚያስኬዱ መኖራቸውን ማን ይክዳል? የተንጠልጣይ ድልድይ ጥገናም በአብዛኛው ቀላል ነው። ድንጋይና አሸዋ ማቅረብ፣ የላላ ጣውላ መቀየር የአካባቢው ሰው የሚችለው ሥራ ነው፤ የገመዱንና የመልሕቁን ደኅንነት መመርመር ግን የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ግዴታ መሆን አለበት፤ በጀቱም ድልድዩ ሲፈቀድ አብሮ ይያዝ።