የዓይነ ስውሩ ደንበኛ የሚስጥር ቁጥር በማን እጅ ነው?

ነጋዴ የባንክ ሂሳቡን የሚስጥር ቁጥር ለሸሪኩ እንኳ አይሰጥም። ዓይነ ስውር ደንበኛ ግን በእጅ ስልኩ ሊከፍል ሲነሳ አፕሊኬሽኑ በድምፅ አልነበብ ካለው፣ ስልኩንም ሚስጥሩንም አጠገቡ ላገኘው ሰው ከማስረከብ በቀር ምርጫ የለውም። የተላከው 500 ብር ይሁን 5,000 ብር፣ ማረጋገጫው የዚያ ሰው ታማኝነት ብቻ ነው።

ቀደም ሲል ሰበቡ የመሣሪያ ዋጋ ነበር። የኮምፒዩተር ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው «ጆዝ» የተሰኘ የአሜሪካ ሶፍትዌር ለረጅም ዓመታት ወደ 1,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነ አውስትራሊያዊ «ኤንቪዲኤ» የተሰኘውን ተመሳሳይ ፕሮግራም መሥራት ጀመረ፤ የሚታደለውም በነፃ ነው። በ2009 ደግሞ አፕል «ቮይስኦቨር»ን በአይፎን፣ ጉግል «ቶክባክ»ን በአንድሮይድ አስገቡ። ዛሬ መርካቶ ከሚሸጡት ዘመናዊ ስልኮች አብዛኞቹ አንባቢውን ይዘው ይመጣሉ። አማርኛ የሚያነብ ነፃ የድምፅ ፕሮግራምም አለ፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ያግባባል።

ታዲያ እንቅፋቱ የት ነው? በሻጩ በኩል ነው። አንባቢው ፕሮግራም ሊናገር የሚችለው በጽሑፍ የተቀመጠለትን ብቻ ነው። የአፕሊኬሽኑ ሠራተኛ «ላክ» እና «ሰርዝ» የሚሉትን ቁልፎች በሥዕል ብቻ ሠርቶ ስም ካልሰጣቸው፣ ስልኩ ሁለቱንም «ስም የሌለው ቁልፍ» ብሎ ያልፋል። ገንዘብ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያለ መልስ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ መገመት አያዳግትም። በኮከብና በመሰላል በሚከፈተው የአጭር ቁጥር አገልግሎትም ድምፁ ዝርዝሩን አንብቦ ሳይጨርስ ጊዜው አልቆ መስመሩ ሊዘጋ ይችላል።

ችግሩ የባንኮች ብቻ አይደለም። በቴሌግራም የሚሸጠው ነጋዴ የዕቃውንም የዋጋውንም ዝርዝር በፎቶግራፍ ላይ ጽፎ ይለጥፋል፤ ደረሰኝም በፎቶ ይላካል። ከሥዕሉ ሥር ዋጋውን በተራ ጽሑፍ መድገም አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ሳይደገም ሲቀር ግን ደንበኛው ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ነጋዴውም ያጣውን ገዢ አያውቀውም።

የገበያው ስፋት ሊናቅ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከ6 ሰዎች አንዱ፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለባቸው። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን ተደራሽነት ይመለከታል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ የባንክና የኢንተርኔት ንግድ አገልግሎቶች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ በሕግ ያስገድዳል፤ በጣም አነስተኛ የአገልግሎት ድርጅቶች ግን ነፃ ናቸው። ለአውሮፓ ሸማች በኢንተርኔት በቀጥታ ሊሸጥ ያሰበ ላኪ ይህንን ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅመዋል።

አፕሊኬሽን የሚያሠራ ድርጅት ከመረከቡ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ሙከራ አለ። ሥራ አስኪያጁ የስልኩን አንባቢ ይክፈት፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ 10 ብር ለመላክ ይሞክር። ሰው ካላገዘው ካልቻለ፣ ዕቃው ገና አላለቀም።