«ሃይፐርአሲዲቲ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ሃይፐርአሲዲቲ» የሚለው የሕክምና ቃል በጨጓራ ውስጥ የሚመነጨው አሲድ ከመጠን በላይ መሆኑን ያመለክታል። ብዙ ተገልጋዮች ቃሉን ከባለሙያ ሲሰሙ «ጨጓራ አለብህ ተባልኩ» ብለው ይረዱታል። ይሁን እንጂ ጨጓራ ማንኛውም ሰው ያለው የምግብ መፍጫ አካል እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። በዚህ አጠራር ሥር ቃር፣ የጨጓራ ብግነት፣ የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት በአንድነት ስለሚጠቃለሉ፣ አንዱ ታካሚ ለሌላው የታዘዘውን መድኃኒት ገዝቶ ሲወስድ ይስተዋላል።

ጨጓራ የሚያመነጨው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለጤና አስፈላጊ ነው። ፕሮቲን እንዲፈጭ ያግዛል፤ ከምግብና ከውኃ ጋር የሚገቡ በርካታ ጀርሞችንም ይገድላል። የጨጓራን የውስጥ ግድግዳ ከዚህ ኃይለኛ አሲድ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋን ነው። ሕመም የሚከተለውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሽፋን ሲጎዳ ወይም አሲዱ ወደ ላይኛው የምግብ ቧንቧ ሲመለስ ነው። ስለዚህ የማቃጠል ስሜት ያለበት ሰው ሁሉ አሲዱ በዝቷል ማለት አይቻልም፤ የቃር ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች የአሲዳቸው መጠን ጤናማ ነው።

ለረጅም ዘመን ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ዋነኛው መንስኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ። ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የጨጓራ ብግነት ይዞታል። ሁለቱ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሌላው ዐቢይ መንስኤ እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው። ብዙ የተወቀሰው በርበሬ ቁስለት አያመጣም፤ ሕመሙን የሚያባብስበት ሰው ግን ቢቀንስ ይሻለዋል። ቡናም እንዲሁ ነው።

ባክቴሪያው መኖሩ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል። ፀረ እንግዳ አካልን የሚፈልገው የደም ምርመራ ግን ቀድሞ የዳነን ሰው አሁንም እንደታመመ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሕክምናው መሥራቱን ለማረጋገጥ አያገለግልም። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ከሰገራ ወይም ከትንፋሽ ምርመራው 2 ሳምንት አስቀድሞ፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የወሰደም ከጨረሰ 4 ሳምንት ሳይሞላው ቢመረመር ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። መድኃኒቱን ለምርመራው ማቋረጥ የሚገባው ግን ከሐኪም ጋር በመመካከር ብቻ ነው።

አንታሲድ በጨጓራ ያለውን አሲድ ለአጭር ጊዜ ያረግባል። ኦሜፕራዞል የአሲዱን ምንጭ ስለሚቀንስ ከምግብ በፊት 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ሁለቱም ባክቴሪያውን አያጠፉም። ለዚህ ሲባል ቢያንስ ሁለት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከአሲድ ቀናሽ ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት ይታዘዛሉ። ሕመሙ በአምስተኛው ቀን ቢጠፋም እንኳ መድኃኒቱን ማቋረጥ ባክቴሪያው እንዲለመድና በቀጣይ ሕክምና እንዳይጠፋ ያደርጋል።

ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራና ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ሕመም በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። ያለ ምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስና ምግብ ለመዋጥ መቸገርም ቀጠሮ የሚሰጣቸው አይደሉም። ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሰራጭ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት የደረት ማቃጠል የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ በቃር ስም በቤት ሊቆይ አይገባም።

አስቸኳይ ምልክት የሌለው ተገልጋይ ምርመራውን በአቅራቢያው ከሚገኝ ጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ኢንዶስኮፒ ካስፈለገ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፍለታል። ከዚህ ቀደም የተወሰዱ መድኃኒቶችን፣ ከመድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ የተገዙትንም ጭምር፣ ከነማሸጊያቸው ይዞ መቅረብ ለመርማሪው ባለሙያ ሥራውን ያቀልለታል።