ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ በእግሩም በክንዱም

በገጠር ኑሮ አደጋ ሩቅ አይደለም። አንዱ ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይወድቃል። ሌላውን በሬ ይወጋዋል። ሌላው ደግሞ ከመኪና ጭነት ላይ ይወድቃል። ከሞት የተረፈው ሰው እግሩ ወይም እጁ አልታዘዝ ሲለው ጎረቤት «እሱ እኮ አለቀለት» ይላል። ቤተሰቡም በሐዘንና በሐፍረት ጓዳ ያስቀምጠዋል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በእውነት አልቆለታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነን የአንድ የአገራችን ሰው ታሪክ አለ። ስሙን ሁላችንም ሰምተናል። የሰማነው ግን ብዙውን ጊዜ ስለ እግሩ ነው። ዛሬ ስለ ክንዱም እናነባለን።

እረኛው ሯጭ ሆነ

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠበቀ፤ ገናም ተጫወተ። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ሩጫ ያሠለጠነው ኦኒ ኒስካነን የተባለ የስዊድን ዜጋ ነው።

ሥልጠና ማለት ሰውነትን ጥቂት በጥቂት ከባድ ሥራ ማስለመድ ነው። ወይፈን በአንድ ቀን የእርሻ በሬ አይሆንም። መጀመሪያ ቀንበር ያስለምዱታል። ከዚያ ጥቂት ያሳርሱትና ይፈቱታል። በነጋታው ትንሽ ይጨምሩለታል። የሰው ልብና ጡንቻም እንደዚሁ ነው። ዘወትር የሚሠራ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል። የሚሠራ ጡንቻ ይጠነክራል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ ደግሞ ይሰልላል። ዕረፍትም የሥልጠናው ክፍል ነው። የደከመ ሰውነት የሚጠገነው ሲያርፍ ነውና።

በየአራት ዓመቱ የዓለም አገሮች የሚወዳደሩበት ትልቅ ጨዋታ ኦሊምፒክ ይባላል። ከኦሊምፒክ ውድድሮች አንዱ ማራቶን ነው። የማራቶን ርዝመት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ይህን መንገድ ለመጨረስ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በጣሊያን አገር በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰው። በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነበር። ፋሺስቶች ከአክሱም የወሰዱት ሐውልት ያን ጊዜ ሮም ላይ ቆሞ ነበር። አበበም በአጠገቡ አልፎ ሮጠ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በጃፓን አገር በቶኪዮ ከተማ እንደገና አሸነፈ። ከውድድሩ አምስት ሳምንት በፊት ትርፍ አንጀቱን በኦፕራሲዮን አስወጥቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የሌሊቱ አደጋ

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ መኪናውን እየነዳ ሳለ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። አንገቱ ላይ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ ቀን በኋላ በእግሩ አልሄደም።

አንገቱ የተጎዳ ሰው እግሩ እንዴት ይዝላል? ነገሩ እንዲህ ነው። በአከርካሪ አጥንታችን ውስጥ ከአንጎል የሚወርድ ገመድ መሰል ነገር አለ። ስሙ ኅብለ ሰረሰር ይባላል። አንጎል «ተራመድ»፣ «ጨብጥ» ብሎ ትእዛዝ የሚልከው በዚህ በኩል ነው። የመስኖ ቦይን አስቡ። ምንጩ ደህና ነው፤ ማሳውም ደህና ነው። ቦዩ መሐል ላይ ከተናደ ግን ከታች ያለው ማሳ ውሃ አያገኝም። ኅብለ ሰረሰርም ሲጎዳ፣ ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነት ትእዛዝ አይደርሰውም። ስለዚህ ወገቡ ላይ የተጎዳ ሰው እግሩ ይዝላል። አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ደግሞ እጁም ጭምር ሊዝል ይችላል።

አበበም በመጀመሪያ እጆቹ እንኳ አልታዘዙትም ነበር። በእግሩ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ራሱን ማጉረስ ተሳነው። ይህን የመሰለ ሐዘን ምን አለ!

አበበ ግን ሃይማኖት ያለው ሰው ነበር። ድል ያደረገውም አደጋ የደረሰበትም በእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን፣ ድሉን እንደ ተቀበለ አደጋውንም እንደሚቀበል ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ «ፈቃዱ ነው» ብሎ ተኝቶ መቅረት ነው። ሁለተኛው «ፈቃዱ ነው» ብሎ የቀረለትን ይዞ መነሣት ነው። አበበ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። እምነቱ «ለምን እኔን?» እያለ ከመብሰልሰል አዳነው። የተረፈውን ጉልበት ለሥራ አዋለው።

የቀረውን ማሠልጠን

አበበ ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። የገባበት ሆስፒታል ስቶክ ማንደቪል ይባላል። በዚያም ስምንት ወር ያህል ቆየ። በዚህ ሆስፒታል ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች የሚታከሙበትን ክፍል በ1936 ዓ.ም. የመሠረቱት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዱ ሰዎች አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። የሚገድላቸውም አንድ ጎን ተኝተው በመቆየታቸው የሚወጣው ቁስልና የሽንት መንገድ በሽታ ነበር። ዶክተር ጉትማን በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸው እንዲገላበጥ አደረጉ። ቀጥሎም «የቀረላችሁ ክንድ ይሠልጥን» አሉ። ቀስት እንዲወረውሩ፣ ኳስ እንዲጫወቱ አደረጓቸው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮም በመካከላቸው ውድድር አቆሙ።

ይህ ውድድር እያደገ ሄዶ የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ ሆነ። ዛሬ ፓራሊምፒክ ይባላል። የመጀመሪያው የተደረገው በ1953 ዓ.ም. መባቻ እዚያው ሮም ነው፤ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ።

አበበም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ጀማሪ ሥልጠና ጀመረ። ሁለት ጊዜ የዓለም አንደኛ የሆነ ሰው ቀስት መሳብ «ሀ» ብሎ ተማረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎልማሳ ሆኖ እርሳስ የጨበጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጣት ይንቀጠቀጣል። ልጆች እንዳይስቁብኝ ይባላል። ፊደሉ ይጠማል። ቢሆንም በየቀኑ የጨበጠ እጅ ይለምዳል። የአበበም ክንድ እንዲሁ ለመደ።

አደጋው በደረሰ በዓመት ከአራት ወሩ፣ በሐምሌ 1962 ዓ.ም.፣ እዚያው እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ በምትባል ብርዳም አገር በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። እግሩ ባይሄድም አበበ ሄደ።

መሪ ማለት ምን ዓይነት ሰው ነው?

ብዙ ሰው መሪ ማለት ሁልጊዜ ከፊት የሚሄድ ይመስለዋል። ከአደጋው አምስት ወር በፊት በሜክሲኮ የሆነውን እንመልከት። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. አበበ ለሦስተኛ ጊዜ ማራቶን ሮጠ። ነገር ግን እግሩን ታምሞ ስለ ነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አቋረጠ። ሲያቋርጥም የአገሩን ልጅ ማሞ ወልዴን «እኔ አልችልም፤ አንተ አሸንፍ» እንዳለው ይነገራል። ማሞም አሸነፈ። መቻሉን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። አለመቻሉን አውቆ ሌላውን የሚያበረታ ግን ጥቂት ነው። መሪ የምንለውም ይህን ሰው ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ከሮሙ ድል ልክ በ12 ዓመቱ፣ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ማራቶን ተሮጠ። አበበ ለዚህ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠርቶ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። የሞተውም አደጋው ባስከተለው ሕመም ነበር። እጅግ ብዙ ሕዝብ ቀበረው። እሱ ያሳየው መንገድ ግን አልተዘጋም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ዓይኗ በደንብ የማያይላት ኢትዮጵያዊት ሯጭ ትዕግስት ገዛኸኝ በፓራሊምፒክ 1,500 ሜትር ሮጣ ለአገራችን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አገኘች። ከተማይቱም ያችው ቶኪዮ ነበረች።

እኛስ ምን እናድርግ?

አበበን ያነሣው የራሱ ብርታት ብቻ አልነበረም። ያሠለጠኑት፣ ያከሙት፣ ጎኑን ያገላበጡት፣ ባለቤቱና ልጆቹ ሁሉ አብረውት ነበሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? በመንደራችንም የሚከተለውን ማድረግ እንችላለን።

አንደኛ፤ ወድቆ አንገቱን ወይም ወገቡን የተጎዳ ሰው ስናገኝ ጎትተን አናስቀምጠው፤ አናዝለው። በጥንቃቄ ካልያዝነው ያልተበጠሰውን ኅብለ ሰረሰር እኛው እንበጥሰዋለን። አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን እንዳይንቀሳቀስ ደግፎ ይያዝ። ሌሎቹ እኩል አንሥተው በሳንቃ ወይም በደረቅ ቃሬዛ ላይ በጀርባው ያስተኙት። ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።

ሁለተኛ፤ ራሱን መገላበጥ የማይችለውን በሽተኛ ሌሊትም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን እንለውጥለት። መኝታው ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ይህ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ጎረቤት ተራ ቢገባ ግን ይቀላል።

ሦስተኛ፤ የቀረውን እንጠይቀው። እግሩ ባይሠራ እጁ ይሠራል። ቅርጫት ይሠፋል፤ ጋቢ ይቋጫል፤ ለእድሩ ሒሳብ ይይዛል፤ ፊደል ያስቆጥራል። ምሕረት እየለመነ ከሚኖር ይልቅ የሚፈለግ ሰው ሆኖ ይኑር።

አራተኛ፤ ከጓዳ አውጥተን ከሰው መሐል እናስቀምጠው። ለሰንበቴው፣ ለማኅበሩ፣ ለእድሩ ይጠራ። ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ይስጥ።

እንግዲህ «አለቀለት» ከማለታችን በፊት «ምን ቀረለት?» ብለን እንጠይቅ። አበበ ቢቂላ እግሩን ባጣ ጊዜ ክንድ፣ እምነትና ወገን ቀርተውለት ነበር። በነዚህም ተነሣ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኅብለ ሰረሰር ሲጎዳ ሰውነት የማይታዘዘው ለምንድን ነው? የቦዩን ምሳሌ በመጠቀም አስረዱ።
2. አበበ በሜክሲኮ ለማሞ የተናገረው ለምን የመሪ ንግግር ተባለ?
3. በአካባቢያችሁ በአካል ጉዳት ምክንያት ከቤት የማይወጣ ሰው አለ? ምን መሥራት ይችላል? እሱን ራሱን ጠይቁት።
4. አንገቱ የተጎዳን ሰው እንዴት ማንሣትና መሸከም እንደሚገባ አራት ሰዎች ሆናችሁ ተለማመዱ።