ከአንጓ ወደ አንጓ

ምእመናን መዘመር ትተው አድማጭ ሲሆኑ ብዙዎች የድምፅ ማጉያውን ይወቅሳሉ። እኔ ግን አስቀድሜ ኪቦርድ ተጫዋቹን እመለከታለሁ። በሁለት አንጓዎች መካከል ያለው ክፍተት አንዴ ሁለት ምት፣ አንዴ አምስት ከሆነ ሕዝቡ መቼ እንደሚገባ አያውቅም፤ ቀጠሮው እንዳልተነገረው ባለጉዳይ ደጅ ቆሞ ይቀራል። (የሕግ ሰው ምሳሌው ከችሎት አይርቅም!) ክፍተቱ ሁልጊዜ እኩል ይሁን።

ቀኝ እጅ ለትንፋሽ ሲነሣ ግራው ዝቅተኛውን ድምፅ ይዞ ይቆይ፤ ያን ጊዜ መዝሙሩ እንዳላለቀ ሁሉም ይሰማል። ማዘግየት ለመጨረሻው አንጓ ብቻ ነው።

መዝሙሩ በትዝታ ሜጀር ከሆነ ደግሞ ከምዕራባውያን የተወረሰው መሸጋገሪያ፣ ዶሚናንት ሰቨንዝ የሚሉት ኮርድ፣ በቅኝቱ አምስት ድምፆች ውስጥ የሌሉ ሁለት ድምፆችን ያስገባል። እዚያ ላይ በራሱ በቅኝቱ ድምፆች መሻገር ይሻላል፤ አዛውንቶቹም ሳይደናገሩ ይከተላሉ።