ንቅለ ተከላው አዲስ አበባ፣ እንክብካቤው ያዮ

በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተካሄደው በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ኩላሊቱን በአብዛኛው የሚለግሰው ዘመድ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካለችው ያዮ የሄደ ታካሚ ድኖ ሲመለስ ከሐኪሞቹ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ኩላሊቱን የሚጠብቀው ራሱና ቤተሰቡ ናቸው።

የሰውነት መከላከያ አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ያጠቃዋል። ታክሮሊመስን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ይህን ጥቃት ስለሚያበርዱ፣ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ አይቋረጡም። አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳሉ። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር እዚህ ላይ ያግዛል፦ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። በቡና ለቀማ ወቅት ጎህ ሲቀድ ከቤት የሚወጣ ሰው ኪኒኑን ይዞ ይውጣ። የመድኃኒቱ መጠን በሚለካበት ጠዋት ግን ደም ሳይሰጥ አይውጥ፤ ውጦ ከሄደ ውጤቱ ያሳስታል። ጾም ሲመጣ፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መመካከር ነው፤ የኪኒኑን ሰዓት በራስ ፈቃድ ማዛወር አይቻልም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ መድኃኒት ቤቱ ነው። ለወገብ ሕመም የሚገዛው ዲክሎፌናክ ኩላሊቱን ይጎዳል። የቲቢው ሪፋምፒሲን የታክሮሊመስን መጠን ያወርደዋል፤ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ ከልክ በላይ ያንረዋል። ስለዚህ የትም ቢታከም «ኩላሊት ተተክሎልኛል» ሳይል መድኃኒት አይቀበል። የአገር ባህል መድኃኒትም ያው ነው።

በመድኃኒቱ የበረደው መከላከያ ተሕዋስያንን በቀላሉ ስለማይመክት፣ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት ይቅሩ። በበዓል ቀን «ትንሽ ቅመስ» የሚል ዘመድ ስለማይጠፋ፣ ለዘመድም ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ትኩሳት ሲመጣ ያዮ ላይ ቶሎ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ይመርመር፤ ነገር ግን ወባ የለም ከተባለ በኋላ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አደገኛ ነው። የተተከለው ኩላሊት የሚቀመጠው በጀርባ ሳይሆን በሆድ ታችኛው ክፍል በጎን በኩል ስለሆነ፣ እዚያ የሚሰማ ሕመም፣ የሽንት መቀነስ፣ የእግር ማበጥና ድንገተኛ የክብደት መጨመርም ያስቸኩላሉ። መቱ ካርል ሆስፒታል ሲደርስ የመድኃኒቶቹ ዝርዝር በእጁ ይሁን።

በእኔ እይታ ደካማው ጎን ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ በአማርኛ የተነገረው ምክር፣ ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት ግማሹ ሊባክን ይችላል። «ገባህ?» ሲሉት «አዎ» ማለት ደግሞ የአክብሮት ልማዳችን ነው። ነርሷ አስታማሚውን ጭምር አስቀምጣ፣ በራሳቸው ቋንቋ «ነገ ጠዋት የትኛውን፣ ስንት ትሰጪዋለሽ? የማታው ቢረሳስ?» ብላ ትጠይቅ፤ ኪኒኖቹንም እነሱው ይደርድሩላት። ለተረሳው ኪኒን ሁለት እጥፍ እንሰጠዋለን ካሏት፣ ገና አልተማሩም ማለት ነው።